ስኳሩ ጀበናው ውስጥ ነበር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ጂዳ፣ ሰቢል የሚባለው ሰፈር በተከራየናት ክፍል ጁምዓ ጁምዓ እየተሰበሰብን ሆዳችንን የምንዘረግፍላቸው ሴቶችም አልሰሙትም። መካ ሄጄ ካዕባን ፊት ለፊት እያየሁ እንኳ በደፈናው «ያረቢ፣ ወንጀሌን ማረኝ» አልኩ እንጂ ወንጀሉን በስሙ አልጠራሁትም። አላህ እንደሁ ያውቀዋል ብዬ። አዎ፣ እሱ ያውቀዋል። እሷ ግን አታውቀውም።

እሷ ማለቴ እትዬ ዘሀራ ናት። ጂዳ ውስጥ በአንድ ማዳም ቤት አብረን ስንሠራ ወጥ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች፣ ጽዳቱንና ልጆቹን ደግሞ እኔ። ገና ከኮምቦልቻ መጥቼ፣ አረብኛው ጠፍቶኝ፣ ባልዲ አምጪ ስባል መጥረጊያ ይዤ የምሮጥ ሞኝ ሳለሁ እጄን ይዛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን የማዳምን የክብር ፊንጃል፣ የቡና ሲኒዋን ማለቴ ነው፣ ሰብሬ ስንቀጠቀጥ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብላ ስድቡን ቆማ ተቀበለችልኝ። ይቺን ፊንጃል አደራ አትርሱብኝ። እኔ ረስቻት ነበር።

ምሳ ተነሥቶ ማዳም ስትተኛ፣ እስከ አስር ሶላት ያለችው ሰዓት የእኛ ነበረች። ጀበናችንን ምድጃው ላይ ጣል እናደርጋለን፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ እንላለን፣ የሰው ሐሜት ይወጣል። እትዬ ዘሀራ ስኳር ስታበዛ ለጉድ ነው። ሲኒዋ ውስጥ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ሊቆም ምንም አይቀረው። ታዲያ «ዘመድ በሌለበት አገር በምን ልጣፍጥ?» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

ከዚያ ራሷን ያዞራት ጀመር፣ ውሃ ጥም አላስቀምጥ አላት። ክሊኒክ ስትሄድ ስኳር በሽታ ነው አሏት። ነርሷ ስኳሩን ጭራሽ እንድትተው ነገረቻትና ታገሺ፣ ምላስሽ ስኳሩን ሲረሳ ቡናው ራሱ ይጣፍጥሻል ብላ አጽናናቻት። እትዬ ዘሀራ ሞከረችው፣ አላህ ምስክሬ ነው። ፊቷን እያጨማደደች ትጎነጫለች፣ ግማሹን ታስቀምጣለች። ብዙም ሳትቆይ ግን መምጣቷን ተወች። ያለ ስኳር ቡና ለእኔ ቅጣት ነው፣ አንቺ ጠጪ አለችኝና በዚያች ሰዓት ክፍላችን ገብታ ጋደም ማለት ያዘች።

ሰው የሆነ ሰው ይህን ጊዜ ምን ይላል? አይዞሽ ይላል። ከሻይ ከውሃውም ቢሆን አብሮ ይቀማምሳል። እኔ ግን ተከዳሁ አልኩ። እስካሁን አጠገቤ የምትቀመጠው ለስኳሩ ኖሯል እንዴ? ቀኑን ሙሉ «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ፣ እየተባልኩ በምጠራበት ቤት ሰዓዳ ብሎ ስሜን የሚጠራኝ አንድ ሰው እሷ ነበረች፣ እሱም በዚያች ሰዓት። ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ብቻዬን ስጠጣ ሆዴ ባሰው፣ ቂም ያዝኩ። በታመመች ሴት ላይ ቂም ያዝኩ!

አንድ ቀን ጀበናው ውስጥ ስኳር ጨመርኩ።

በእኛ አገር ማን ጀበና ውስጥ ስኳር ሲጨምር አይታችኋል? ስኳሩም ለሲኒ ነው፣ በጨው የሚጠጣ ቢኖር ጨውም ለሲኒ ነው። ሰው ሲኒውን ያያል እንጂ ጀበናውን አይጠረጥርም። ይህንን አሳምሬ አውቅ ነበር። ስኳሩን በፈላው ውሃ አሟሟሁት፣ ዕቃውን ቁም ሣጥን ከተትኩ፣ ሄጄ ጠራኋት። በመካ መንገድ ባሕራ ከሚባለው ከተማ፣ ከሐበሻ ሱቅ በሾፌሩ ያስመጣሁት አዲስ ቡና ነው፣ አንዴ ብቻ ቅመሺው አልኳት። ባዶውን ሲኒ ፊቷ አስቀምጬ ቀዳሁላት።

ቀመሰች። ደገመች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሱብሐነላህ! ሰዓዳ፣ ምላሴ ለመደልኝ እኮ» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ያኔ ብናገር ኖሮ ሁለት ቀን ታኮርፈኝና ያበቃ ነበር። «ነርሷ ነግራሽ የለ?» አልኳት።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሬ። በማግስቱም ጨመርኩ፣ በሳልስቱም ጨመርኩ። የተረፈውን በትርሙስ እሞላላታለሁ፣ ወጥ እየሠራች ቀኑን ሙሉ ትጠጣዋለች። ስኳር የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህች እጄ። በሽታዋን እያወቅሁ ነው የጨመርኩት። ትንሽ ነው፣ ትንሽ አይጎዳም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እሷማ ደስታዋን አልቻለችውም። ሰቢል ስንሄድ እንደሷ ስኳር ያለባቸውን ሴቶች ሰብስባ፣ ታገሱ እንጂ ምላስ ይለምዳል፣ እኔን አታዩም? እያለች ትመክራለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «እውነቷን ነው» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ግን አልወረደም። መድኃኒት ጨመሩላት፣ አልወረደም። የእግር ጣቷ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣችና አልድን አለች። የማዳም እናት የሞተችው በዚሁ በሽታ ስለነበር መለኪያው ቤት ውስጥ ነበር፣ ማዳም ራሷ ጠዋት ጠዋት ጣቷን እየወጋች ታይላታለች። መጀመሪያ አዘነችላት፣ በኋላ ተጠራጠረች፣ መጨረሻ የልጆቼን ሐለዋ እየሰረቅሽ ነው የምትበዪው ብላ የጣፋጩን ቁም ሣጥን ቆለፈችው። ተቆልፎም አልወረደም። ያን ቀን ማዳም እኔ ባለሁበት «ከዛባ» አለቻት፣ ውሸታም ማለት ነው።

እትዬ ዘሀራ በቁስለኛ እግሯ ቆማ ማለች። ወላሂ ስኳር ከከንፈሬ አልደረሰም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰዓዳ ምስክሬ ናት። አብረን ነው የምንውል።»

ማዳም አየችኝ። ስኳሩን ጀበና ውስጥ የምጨምረው እኔ ነኝ ብል ሰው መረዘች እባላለሁ፣ ፖሊስ ይጠራብኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ይቅር። «አልሰረቀችም» ማለት ምን ያስከፍለኝ ነበር? አንዲት ቃል! እሷንም ነፈግኋት።

«ማ አድሪ» አልኩ። አላውቅም።

እትዬ ዘሀራ አየችኝና መጋረጃ ስር ወዳለው በርጩማ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲያ ቡና አልጠጣችም፣ እኔም ጀበናውን አጥቤ ሰቀልኩት። ጉዱ ያለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ስኳሯ በዚያው ሳምንት ወረደ። ማዳም መለኪያውን አፍንጫዋ ስር አስጠግታ፣ አየሽ? ስትያዢ ተውሽ፣ ስትተዪ ወረደ አለቻት። እትዬ ዘሀራ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። እውነት የተናገረችው ሴት በገዛ ደሟ ውሸታም ሆነች። ኹሩጅ ተመታላት፣ ወደ አገር መግቢያ የመውጫ ቪዛዋ። ኮምቦልቻ የጀመረችው ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ገና ነበር።

ከመሄዷ በፊት ዑምራ እንድታደርግ ማዳም ፈቀደችላት፣ እኔም ደግፌያት እንድሄድ። አውቶቡሱ ባሕራ ላይ ሲደርስ በመስኮቱ ወደ ሱቆቹ ተንጠራርታ ያ ቡና የመጣው ከዚህ ነው? አለችኝ። በራሴ ንቅናቄ አዎ አልኳት። ለመንገዴ ትንሽ በገዛሁ አለች። አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ።

መካ ሚስፈላ ሰፈር አንድ ርካሽ ሆቴል ክፍል ይዘን ውዱእ አደረግን። ወደ ሐረም ከመውጣታችን በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ሰው ወደዚያ ቤት ሲገባ አውፍ፣ ይቅር ተባብሎ ነው የሚገባ፣ ታውቃላችሁ።

«ሰዓዳ፣ ያን ቀን አላውቅም ስትዪ በልቤ ከዳችኝ ብዬ አምቼሻለሁ። ፈርተሽ ነው፣ አሁን ገባኝ። አውፍ በይኝ።»

ልናገረው አፌን ከፈትኩ፣ ወላሂ ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አውፍ ብዬሻለሁ፣ እትዬ።»

እኔ! እኔ እሷን ይቅር አልኳት! ግንባሬን ሳመችኝ። ጠዋፉን፣ ካዕባን መዞሩን፣ እያነከሰች ትከሻዬን ተደግፋ ጨረሰች።

አሁን እሷ ኮምቦልቻ ናት። ያ ጣቷ ተቆርጧል። እኔ እዚያው ጂዳ፣ እዚያው ቤት፣ ወጥ ቤቱንም ለእኔ ሰጥተውኛል። ቡናዬን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ንስሐ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ፣ ምን ያረግላታል? ምላስ ይለምዳል የሚባለውም ለእኔ አልሠራም፣ ዛሬም እንደ ሬት ይመረኛል። አንድ ጊዜ ሼሁ በስልክ ሲያስተምሩ የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልማረው አላህም አይምረውም ሲሉ ሰምቼ ዘጋሁት። ስለዚህ እናንተን ማሩኝ አልልም። የእናንተ ሐቅ አይደለም።

ትናንት ደወለች። ቤቷ ጣሪያ ለበሰላት፣ አልሐምዱ ሊላህ። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። የአገሩ ቡና ያለ ስኳር አልጠጣላት ብሏል፣ ይመራታል።

«ምላሴ እንኳ ከዳኝ፣ ሰዓዳ» አለችኝ እየሳቀች። «ያን የባሕራውን ቡና ሰው ስታገኚ ላኪልኝ እስቲ።»

«ኢንሻአላህ፣ ሰው ልፈልግ» አልኳት።