ኪራይ እንጂ አደራ አንቀበልም

እግሬ መንገድ ለምዷል። ባሌ ካረፈ ወዲህ ክረምቱንም በጋውንም ከአንድ ደጅ ተቀምጬ አሳልፌ አላውቅም፤ አንዴ ለንግሥ፣ አንዴ ለጠበል፣ አንዴ የተዳረች የእህት ልጅ ልጠይቅ፣ አንዳንዴም እንዲያው ልቤ ሲቅበጠበጥ እነሳለሁ። ከዳባት ወዲያ ካለው አገሬ እስከ ማክሰኝት በእግሬ ወርጄ አውቃለሁ። ሲመሽብኝ ሰው ያሳድረኛል። ከሰው ቤት ሳድርም ኮንጎ ጫማዬን ከራስጌዬ አላርቀውም፤ ጎህ ሲቀድ በጨለማ እንዳልፈልገው ነው። ያን ሁሉ ዞሬ ግን፣ ባለፈው ጥቅምት ጎንደር ከተማ አንዲት ክፍል ቤት ስፈልግ የደከምሁትን ያህል ደክሜ አላውቅም።

ቤቱ የሚፈለገው ለልጅ ልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስትማር ቆይታ ወለደች። የልጁ አባት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደወረደ ቀረ፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እሷም አትናገር። ትምህርቷን አቋርጣ ከእኔ ዘንድ ታረሰች። ዘንድሮ ተመለሽ አሏት፤ ሸጋ። ነገር ግን ከግቢው የተማሪ ማደሪያ ከነልጅ አይታደርም፣ ልጁ ደግሞ ገና ጡት አልጣለም። እንግዲህ ከትምህርቷ መሀል ሮጣ ወጥታ፣ አጥብታ የምትመለስበት ቅርብ ቤት መገኘት ነበረበት። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ ነው። እስከዚያ ካልተገኘ ጓዛችንን ይዘን ወደ አገር መመለሳችን ነው። «ሁለተኛ ካቋረጥሁ፣ እምዬ፣ ከእንግዲህ የሚጠራኝ የለም» ብላኛለች።

የእኔ ድርሻ ልጁን አዝዬ መዞር፣ ቤቱን አይቼ መመረቅ ነበር። እነሱን አስቀምጬ እኔ መንገዴን እቀጥላለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለገና ላሊበላ በእግር እንገባለን ብለን ከአገሬ ሴቶች ጋር ተቃጥረናል። ልጅቱም ታውቃለች። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ክፍል ስገባ ልጁን የምትይዝልኝ ሴት በቀን እቀጥራለሁ» አለችኝ። ልጅን ለማይታወቅ ሰው ትቶ መሄድ ግን ከሆዴ አልገባም።

ደላላው ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ጎልማሳ ነው፤ ስልኩ ከጆሮው አይለይም። ከማራኪ ጀመርን። ከአንድ ግቢ ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩ ክፍሎች አሉ፤ ሰርቪስ ይሏቸዋል። ግድግዳው ደረቅ ነው፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ያያል፣ የውሃ ቧንቧው ከግቢው መሀል ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ልጁ ያለቅሳል?» አሉኝ።

«ሰው አይደል አያ፣ ምነው አያለቅስ!»

ሳቁ። «እሺ፣ እኛም አልቅሰን ነው ያደግን» አሉ። ዋጋውን ደላላው ጨረሰው፣ ነገሩ ሁሉ አለቀ። ያን ጊዜ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነስቼ ቆምሁ። «እንግዲህ አያ፣ ልጆቼን ለእርስዎ አደራ ሰጥቻለሁ። እሷ ከትምህርት ስትውል ልጁን አየት አየት ያድርጉልኝ። በደብርዎ ታቦት ተቀብያለሁ ይበሉኝ።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ብርድ ልብሱን ሰበሰቡ። «እናት፣ ዘመኑ እንዲህ ሆኖ የሰው ልጅ በታቦት ምዬ እንዴት እቀበላለሁ? ነገ ከበሩ ወጥታ አንድ ነገር ብታገኛትስ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ያቺን ክፍል ለወንድማቸው ልጅ ቃል መግባታቸው ትዝ አላቸው።

እንዲህ ነው ደንባችን፦ ሰው ከጣራህ ሥር ካደረ ያንተ ነው። ቢታመም የምትጠየቀው አንተ፣ ቢጠፋ የምትፈልገው አንተ ነህ። ለሠራተኛም ለእንግዳም ቤት የሰጠ ሰው ግድግዳ ሰጥቶ ዘወር አይልም። እኔ ራሴ ስንት ቤት አድሬ፣ ስንት የማላውቀው ሰው እስከ ወንዙ ሸኝቶኛል። ስለዚህ ቤት ማከራየትና አደራ መቀበል በእኔ ዓይን አንድ ነገር ነበር። ሽማግሌውንም ፈሪ ናቸው ብዬ አማኋቸው።

በነጋታው ወደ ቀሐ ወረድን። እዚያ አንዲት ባለ ሰማያዊ በር ሴት ደንቧን ቆማ አነበነበችልን፦ ማታ በሩ በጊዜ ይዘጋል፣ ወንድ እንግዳ አይገባም፣ በኤሌክትሪክ እንጀራ አይጋገርም፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን የራስ ነው፣ የልጅ ጨርቅ ከፊት ለፊት አይሰጣም። ልጅቱ ለሁሉም «እሺ፣ እሺ» ትላለች። እኔ ደንቡን ወደድሁት። እንዲህ ያለች ሴት ነገር ትጠብቃለች አልሁና አደራዬን አቀረብሁ።

«እማማ» አለችኝ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «እኔ የማከራየው ክፍል ነው። ኪራይ እንጂ አደራ አንቀበልም።»

«ልጁ ቢጮህ አትደርሽለትም?»

«እደርስ ይሆናል። ግን ታቦት ጠርቼ አልምልም። ይህን የሚል ተከራይ ገጥሞኝም አያውቅ። ያስፈራል።»

በሩ ተዘጋ። ደላላው ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ትክ ብሎ አየኝ። «እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አደራ የሚቀበል ባለቤት ካገኙ ለእኔም ይንገሩኝ። እኔ ራሴ እከራየዋለሁ» አለና ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

ልጅቱ ከፊት ከፊቴ እስከ መንገዱ ዳር ሄደች። ከዚያ ዞራ ቆመች።

«እምዬ፣ ቤቱን ይዘን ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው? ምነው እንዲህ ታደርጊኛለሽ? አንቺ አደራሽን ሰጥተሽ ትሄጃለሽ፤ የምቀረው እኔ ነኝ። የምፈልገው ጣራ ነው። ጣራ!»

ዓይኗ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ልጁ ከጀርባዬ ነጠላዬን እየጎተተ ያጉተመትማል። ከእንግዲህ አፌን እይዛለሁ ብዬ ማልሁላት፤ የሚምልልኝ የቤት ባለቤት ባጣ እኔው ማልሁ።

ቅዳሜ ብቻችንን ዞርን። ከምሰሶ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ተለጥፎ ባየች ቁጥር ልጅቱ ትደውላለች። አንዱ ተይዟል፣ አንዱ ለወንደላጤ ብቻ ነው፣ አንዱ የልጁን ድምፅ ሲሰማ «ሕፃን ልጅ ነው?» ብሎ ይዘጋል። አመሻሽ ላይ አንድ ተገኘ። ከግሮሰሪ ጀርባ ነው። ግድግዳው ወዝቷል፣ ጣሪያው ሥር ሻጋታው እንደ ጉም ተነጥፏል፣ በሩ ከውስጥ አይቆለፍም። በግድግዳው ማዶ ሰዎች ይሳሳቃሉ፣ ጠርሙስ ይጋጫል። የሚያሳየን ሰው እግሩን አነባብሮ ጥርሱን ይፍቃል። መሐላዬን አስታውሼ ውሃ እንደጎረሰ ሰው ከንፈሬን ገጥሜ ቆምሁ።

«ይሁን፣ እንይዘዋለን» አለች።

ቦርሳዋን ፈታች። ፈትታ ግን እጇን ከቦርሳው ውስጥ እንዳለ አቆመችው። ያንን የማይቆለፍ በር አየችው፣ ከጀርባዬ የተኛውንም ልጅ አየችው፣ በሩን ደግማ አየች። «አንዴ ላስብበት» አለችና ወጣን። ውጭ ስንደርስ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እዚህ ለማን ትቼው ነው የምሄደው?» አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁስቋም ወጣን። ቤት ብለን አይደለም፤ ሰኞ በጠዋት መኪና ልንሳፈር ነውና እመቤታችንን ተሰናብተን እንመለስ ብለን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወርድ ማረፊያ ፈለግሁ። ከአንድ በር አጠገብ አንዲት አሮጊት ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ሳላስፈቅድ ከጎኗ ከድንጋዩ ላይ ዘፍ አልሁ። ልጁን ሳወርደው ወዲያው እጁን ከምስሩ ከተተ።

«ተይው፣ ይልቀም» አለች ላነሳው ስል። «ዓይኑ ከእኔ ይሻላል።»

አገሬን ጠየቀችኝ፣ ነገርኋት። ደክሞኝ ስለነበር ሁሉንም ነገርኋት፤ ሰኞን፣ ማራኪን፣ ሰማያዊውን በር፣ ግሮሰሪውን። ሰምታ ስታበቃ ወደ ግቢዋ በአገጯ አሳየችን። ወደ አረብ አገር የሄደ ልጇ ያድርበት የነበረ ክፍል አለ። አከራይታው አታውቅም። ልጅቱ ገብታ አየችው፤ ንጹሕ ነው፣ በሩ ይቆለፋል። እስከ ትምህርት ቤቷ ቁልቁል ነው፤ የሚያስቸግር ሽቅቡ ብቻ ነው። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር።

እዚህ ላይ ነው መሐላዬን የበላሁት። አሮጊቲቱ፣ ልጁ ያፈሰሰባትን ምስር ሳትቆጣ በጣቷ መልሳ ትሰበስባለች። «እህቴ፣ እንግዲያው ልጆቼን ላንቺ አደራ ልስጥ» አልኋት። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች።

አሮጊቲቱ ሰፌዱን ከጭኗ አወረደችው። «አልቀበልም።»

«አንቺም ፈራሽ?»

«አደራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው የማልቀበል» አለች። «ሸክላ የምትሠራ ጎረቤት ነበረችኝ፣ ቤተ እስራኤል ናት። ወገኖቿ ሁሉ ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሷም ሄደች። ስትሄድ የእናቷን መቃብር አደራ አለችኝ። አሁን ይኸውልሽ፣ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ማጭዴን ይዤ ወደ መንደራቸው እወጣለሁ፣ ሣሩን አጭዳለሁ፣ የተነሣ ድንጋይ ካለ እመልሳለሁ። ጎልማሳ ሆኜ የጀመርሁት ነው። አሁን ጉልበቴን ተመልከችው። አደራ እንደ እንስራ አውርደሽ አታርፊበትም፤ የሚረከብሽ ካልመጣ ይዘሽው ትሞቻለሽ። ልጄ ከሩቅ አገር ነው፣ ማን ይረከበኛል? ሌላ ጨምሬ አልሸከምም።»

እኔ ስንት በር ላይ እንዲህ ያለውን ሸክም ላራግፍ ነበር የቆምሁ።

«ኪራይ ግን እቀበላለሁ» አለች። «ልጁን የምትይዢው አንቺ ከሆንሽ።»

«እኔማ ሂያጅ ነኝ። ለገና…»

«እንግዲያው ሂጂ። አደራ የሚሰጥ የሚሞት ወይም መመለሻ የሌለው ነው። አንቺ አልሞትሽ፣ እስራኤል አልሄድሽ። ምነው ያንቺን ልጅ እኔ እጠብቃለሁ?»

ልጅቱን አየኋት። ቅሪ አላለችኝም፤ አትልም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ ስነሳ መንገድ እየሸኘች ያደገች ናት። አጎንብሳ ከልጁ ጡጫ ውስጥ ምስር አንድ በአንድ ታወጣለች። ትከሻዋ ቀጥኗል። እኔም ደክሞኛል፤ እውነቱን ለመናገር የላሊበላው ሽቅብ ያን ጊዜ ከዓይኔ ሲመጣ እንደ ወትሮው ልቤን አላነሳሳውም። ያም ሆኖ ቃሉ ከአፌ የወጣው በጭንቅ ነው።

«እቀመጣለሁ።»

«እስከ መቼ?» አለች አሮጊቲቱ።

«እስክትጨርስ።»

«አይ እምዬ፣ አትችይም» አለች ልጅቱ ቀና ሳትል።

«አልችልም ይሆናል። እቀመጣለሁ።»

አሮጊቲቱ ሰፌዱን አንስታ ለቀማዋን ቀጠለች። «ኅዳር ሲገባ አብረሽኝ ትወጫለሽ። አደራ አልሰጥሽም፤ ማጭዱን ትይዥልኛለሽ» አለች።

ሰኞ ልጅቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አጥብታ ወረደች። ልጁ እናቱን ሲያጣ ጮኸ። አዝዬው ግቢውን ዞርሁ፤ ከበር እስከ ቧንቧ፣ ከቧንቧ እስከ በር። ግቢው ጠባብ ነው፣ ለእግሬ አይበቃም። አሮጊቲቱ ከመስኮቷ ታየኛለች። «ሂያጅ ነኝ ያልሽው እውነት ነው» ትለኛለች፣ ትስቃለች። ለአገሬ ሴቶች በስልክ አስደውዬ እንዳይጠብቁኝ ነገርኋቸው፤ አንዷ «ጎንደር አስቀረችሽ?» አለችኝ፣ ሌላዋ ስሜን ጠርታ እንደምትጸልይልኝ ነገረችኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጥቂት አለቀስሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቱ ሽቅቡን እያለከለከች መጣች። ከደፍ ተቀምጣ ልጁን ተቀበለችኝ፣ ሲጠባ ትንፋሿ እየሰከነ ሄደ። ደብተሯ ከጎኗ ተጥሏል። መምህሩ ሲያስተምር እንቅልፍ ሊጥላት እንደነበር ብቻ ነገረችኝ። ከዚያ ልጁን መልሳ ሰጠችኝና ቁልቁል ሮጠች።

ልጁ ከተኛልኝ በኋላ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥሁ። ኮንጎዬ እንደ ልማዱ ከራስጌዬ ነበር፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ። ትንሽ አየሁት። ከዚያ በእግሬ ገፍቼ ከአልጋ ሥር አስገባሁትና ጋደም አልሁ።