እሺ ያልኩ ዕለት

ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡትን ሦስት ሽማግሌዎች በአራት ደቂቃ ጨረስኩላቸው። ከዚያ ላይ ሁለቱ ደቂቃ ጫማ ይውለቅ አይውለቅ በሚለው ያለፈ ነው።

እሁድ ጠዋት ነበር፤ ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መመላለስ በጀመረ ሰሞን። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ተቀመጡ ስላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጉዳያቸውን አውቀዋለሁ። ልጄ ከሳምንት በፊት «እሁድ ይመጣሉ አባዬ፣ እንዳታሳፍረኝ፣ እሺ በላቸው» ብላኛለች። ልጁንም አውቀዋለሁ። ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራል። ቡሎን ሊገዛ ሱቄ ሲመጣ የሚፈልገውን ቁጥር አውቆ የሚመጣ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን…» ከማለታቸው «እሺ» አልኳቸው።

«እሺ ማለት?» አሉ ሁለተኛው።

«ውሰዷት ማለቴ ነው። ጥሩ ልጅ ነው። በሉ ተቀመጡ፣ ቁርስ ደርሷል።»

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። «እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም» አሉ ቅር ብሏቸው።

ትንሽ ቀምሰው ሄዱ። እኔ ከዚያ ወዲያ ልብሴን ቀይሬ የቤቱን የውኃ ቧንቧ ጠገንኩ። እንደዚያ የተቃና እሁድ ብዙ አላስታውስም።

ማክሰኞ ከሰዓት ልጄ ሱቅ መጣች። ሱቄ ከጭነት መኪኖች ማቆሚያ ፊት ለፊት ነው፤ ቡሎን፣ የቡሎን ማሰሪያ ዳዶና ሮንዴላ እሸጣለሁ፣ ሌላ ነገር አልሸጥም። ዓይኗ ቀልቷል።

«አበላሸኸው አባዬ።»

«ምኑን?»

«እናቱ ‹ልጅቷ ምን ሆና ነው?› እያሉ ነው። ‹አባትየው ዕቃ አልሸጥ እንዳለው ነጋዴ ነው ያስረከበን› ብለዋል። አርግዛ ይሆናል ያሉም አሉ። ነገሩ ለጊዜው ይቆይ ተብሏል!»

«እሺ በላቸው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«በመጨረሻ! መጀመሪያ እናስብበት ይባላል። ዘመድ ላማክር ይባላል። ሁለት ሦስቴ ይመላለሳሉ። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?»

አውቀዋለሁ። በሰው ቤት አይቼዋለሁ። ግን ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔ ደግሞ ለምንነቱ ያልገባኝን ነገር ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እረሳዋለሁ።

ከራሴ በላይ «ዋጋ ቁርጥ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። መጀመሪያ የሰቀልኩት ልጄ ከመወለዷ በፊት ነው፤ እሷ ደግሞ ኢሕአዴግ በገባ በዓመቱ ነው የተወለደችው። ሰው ይሄን ሰሌዳ ኩራት ያደርገዋል፣ አንዳንዱም ሃይማኖት ያደርገዋል። እውነቱ ግን ክርክር አልችልበትም። ደንበኛ «መጨረሻውን ንገረኝ» ሲለኝ የነገርኩት እኮ መጨረሻው ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ሾፌር «በቃ ትቼው ሄድኩ» ብሎ ሲወጣ «መልካም መንገድ» አልኩት። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔም ሌላ የሚፈልገው ዕቃ ያለ መስሎኝ ጠበቅኩት። እንደዚያ ተያይተን ቆየን።

ልጄ ባዶ የቡሎን ሣጥን ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። አቃቂ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ታስተምራለች፤ በዚያ ወር ስለ ኦቲዝም ሥልጠና ወስዳ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ።» ማንበብ ጀመረች። «ዕቃ በመጠንና በዓይነት መደርደር ያዘወትራል?»

ሁለታችንም መደርደሪያውን ቀና ብለን አየነው። ከስምንት ቁጥር እስከ ሠላሳ ሁለት፤ ጥርሱ ቀጭን በግራ፣ ጥርሱ ወፍራም በቀኝ።

«ይሄ ሥራ ነው» አልኳት።

«የቤት ማንኪያዎቹስ?»

መደርደሪያው ላይ ጠምዘዝ ያለ አንድ ሣጥን አቃናሁ።

«አንዳንድ ድምፅ ከመጠን በላይ ይረብሸዋል?»

ብረት ቆራጭ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ሱቅ ቀይሬያለሁ። ሁለቴ። ለሰው ግን «ቤቱ ጠቦኝ ነው» ነበር የምለው።

«የሰው ንግግር ቃል በቃል ይወስዳል?»

«ቃል በቃል ካልተወሰደ በምን ይወሰዳል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የ‹እንብላ›ው ነገር ትዝ ይልሃል?» አለችኝ።

እንዴት ይረሳኛል። አሁን ያለሁበትን ሱቅ እንደከፈትኩ አጠገቤ ጎማ የሚሠራ ጎሚስታ ነበር፤ አሁንም አለ። ምሳውን ሲበላ አጠገቡ ካለፍኩ «እንብላ» ይለኛል። እኔም እጄን ታጥቤ እቀመጣለሁ። «ብላ፣ ይባረክ» ተብሎ እንደሚታለፍ አላውቅም ነበር፤ ሰውዬው ደግ መስሎኛል። አንድ ዓመት በላሁ። ኋላ ምሳውን መኪና ሥር ተኝቶ እየበላ ያዝኩት። «አንተ ሰውዬ» አለኝ ከሥር ሆኖ፣ «እንብላ የሚባለው እኮ እንዳትበላ ነው!»

«ይሄ ወረቀት ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እስከ ስድስት።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ኦቲዝም የሚባለውን በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ የማይናገሩ ልጆች ነበሩ። እኔ እናገራለሁ። ነግጃለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ። ቢሆንም ነገሩ ከነከነኝ። በሳምንቱ እንዲህ ያለውን የሚያዩበት ሕክምና ቦታ ሄድኩ። መጠበቂያው ወንበር ሁሉ ጉልበት የማይደርስ ነበር። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ በትሕትና ተነሥታ ተቀበለችኝ።

«ልጁ የታለ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

አልሳቀችም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ብዙ ጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ «ለትልቅ ሰው የምንጠቀምበት መመርመሪያ የለንም። ግን ሊሆን ይችላል» አለች። በቁርጥ ዋጋ ለሚነግድ ሰው «ሊሆን ይችላል» ዋጋ አይደለም። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያው ነው።

ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«እና ንቀት አልነበረም?»

«የቱ?»

«የሠርጋችን ዕለት። ላጎርስህ ስል ፊትህን ያዞርከው። ወንድሞቼ እስከ ዛሬ ያወሩታል።»

«የምን ንቀት? ጣት አፌ ውስጥ ሲገባ ይዘገንነኛል።»

«የእኔም?»

«ጣት ጣት ነው።»

መሳቅ ጀመረች፣ ማቆም አቃታት። «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ!» አለች። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እየሳቀች ነው እያለቀሰች አልለይ ስላለኝ ጠየቅኳት። «ሁለቱንም ነው» አለችኝ። እንዲህ ቢነገረኝ እኮ ይገባኛል።

የልጄን ነገር ያቀናልን ጎሚስታው ነው። ራሱ ተነሥቶ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄደ። «ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ ሰውዬው ነው እንዲህ። የእኔንም ምሳ አንድ ዓመት በልቶታል» ብሎ አስረዳቸው። የመጀመሪያው እንዳልነበረ ተቆጥሮ እንደ አዲስ እንዲመጡ ተስማሙ።

ልጄ አለማመደችኝ። «‹እናስብበት› በልና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ስጣቸው።»

«ሁለት ሳምንት ምን አስባለሁ?»

«ምንም አታስብም!»

«ታዲያ ለምን አስባለሁ እላለሁ?»

«አባዬ፣ ስለ እኔ ብለህ።»

መጡ። ትልቁ ሽማግሌ በዚህኛው ንግግራቸውን ከዳር እስከ ዳር ተናገሩ፤ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ሲጨርሱ «እናስብበት» አልኩ። ልክ ነበር። ግን አላበቁም። «እባክዎ፣ ሽማግሌ አያመላልሱ፣ ዛሬውኑ ደስ አሰኝተው ይሸኙን» አሉ። ይሄን አልተለማመድነውም። እሺ ልል አፌን ስከፍት በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ የልጄን ጭንቅላት አየሁት፤ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

«አይቻልም!» አልኩ፣ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ።

የሦስቱም ፊት በራ። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይዘው እየተሳሳቁ ወጡ።

አስባለሁ ካልኩ ማሰብ አለብኝ፤ ስለዚህ አሰብኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአቃቂ ስትመለስ እዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ሳምቡሳ የምትበላው እሷ ናት። ደንበኛ ሲጮህብኝ «እየቀለደ ነው» የምትለኝ፣ ሲስቅልኝ ደግሞ «ተቀይሟል» የምትለኝ እሷ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰውን የምትተረጉምልኝ እሷ ናት፤ ሥራ መሆኑን ሁለታችንም አላወቅንም። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ስደርስ ጋብቻውን ተቃውሜ ነበር። ቀጠሮ የሚሰጠው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። ቀድሞ ቢነገረኝ ጥሩ ነበር።

እሁድ መጡ፣ ቆሙ፣ ጠየቁ። እሺ ልል ፈለግኩ፤ እሺ አልወጣም። ለሰው ግራ እስኪገባ ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ኋላ እንደሰማሁት «ወግ የሚያውቅ አባት» ብለውኛል። ደጅ ላይ አንድ ተሳቢ አለፈ፣ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ።

ልጄ ከመጋረጃው ወጣች። መውጣት የለባትም። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«ማክሰኞ ማክሰኞ እመጣለሁ አባዬ።»

«በስንት ሰዓት?»

«አሥር ተኩል። እንደ ድሮው።»

«እሺ» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ለእነሱ ያልኩ መሰላቸው። እርስ በርስ ተሳሳሙ፣ ባለቤቴ ከጓዳ እልል አለች፣ ትልቁ ሽማግሌ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። አላረምኳቸውም።