ቀስ ብለህ እጅህን አንሳ

የሌላው ሰው የስደት ታሪክ በሌሊት ይጀምራል። የእኔ የጀመረው በጠራራ ፀሐይ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥዬ ነው። ሸሕዲ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ሰው በየመንገዱ ይታገት ነበርና «ቀጣዩ አንተ ነህ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ጨለማን አልጠበቅሁም። ዘይት ሊገዛ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገር ሰው መስዬ ከነጋዴው ጋር ተሰለፍኩ። ባለቤቴ ዓለምነሽ ሽንኩርት ተሸክማ ከፊቴ ትሄዳለች፤ እንደማንተዋወቅ ሆነን።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ አስቆመኝ። ባዶውን ጀሪካን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«ቲቸር! አላወቁኝም እንዴ?» አለኝ።

አላወቅሁትም። መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። «ይችን እጅ እየገረፉ ማባዛት ያስያዙኝ እርስዎ አይደሉ! ባይገርፉኝ ኖሮ ዛሬ ይሄን ልብስ አልለብስም ነበር» ብሎ ሳቀና አሳለፈኝ። ድልድዩን እስክጨርስ ድረስ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት። ከአገሬ ይዤው የወጣሁት የመጨረሻ ምስጋና እሱ ነው።

ገዳሪፍንና ካርቱምን አልተርክም፤ ያየ ያውቀዋል። ልጃችን ብሌን ካርቱም ተወለደች። ከዓመታት በኋላ የስደተኛ ምዝገባችን ተራ ደርሶ ስዊድን ገባን። ብርዱን ሁሌ ትጠይቁኛላችሁ። ሸሕዲ በሚያዝያ የብረት በር ስትነኩ እንደሚያቃጥላችሁ፣ እዚህ ደግሞ በጥር በብርድ ያቃጥላል። ካርቱም የለመድነው ፉል እዚህ ከቆርቆሮ ነው የሚወጣው። ሰሊጥ፣ ያ እኛ በጆንያ ላይ በጆንያ የምንከምረው ሰሊጥ፣ እዚህ ዳቦ ላይ እንደ ጌጥ ጣል ጣል ይደረጋል። ሳየው ሆዴ ይባባል።

በገባን በሦስተኛው ሳምንት አዲስ መጤ ወላጆችን ሰብስበው አንዲት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ስለ ልጅ አስተዳደግ አስረዳችን። «በዚህ አገር ልጅ መምታት ክልክል ነው» አለች። እኔ መምህር አይደለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። እጄን አወጣሁ።

«በምን መምታት?»

አስተርጓሚዋ የደባርቅ ልጅ ናት። «ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?» አለችኝ።

«በአለንጋ ነው፣ በቀበቶ ነው፣ ወይስ በእጅም ጭምር?»

«ጋሼ፣ ይሄን ከተረጎምኩልዎ ዛሬ ቤትዎ የሚገቡ አይመስለኝም» አለችና ለሴትዮዋ ሌላ ነገር ነገረቻት። ሴትዮዋ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀችልኝ። ምን ተብሎላት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እኛ ሐበሾቹ በሳቅ ፈረስን፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። አለንጋ ቤቴ ገብቶ አያውቅም፤ ጥፊንና ቁንጥጫን ደግሞ መምታት ብሎ የሚቆጥር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ብሌን ሰባት ዓመት ሲሆናት አስተማሪዋ ጠራችን። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፣ ኮሽ ሲል ትደነግጣለች፣ አንድ ስፖርት ብትሞክር ጥሩ ነው አለችን። ዓለምነሽ እዚሁ ሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ አይኪዶ አገኘችላት። የጃፓን ትግል ነው፤ ግን መምታት የለበትም። ሊመታህ የመጣውን ሰው እጅ ይዘህ ዞር ትልና በራሱ ጉልበት መሬት ታስቀምጠዋለህ። «መምታት የሌለበት ድብድብ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብዬ አሾፍኩ። ቅዳሜ ዓለምነሽ አዛውንቶች መጦሪያ ስለምትሠራ የማደርሳት እኔ ነበርኩ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። አሠልጣኟ ኢንግሪድ የምትባል በዕድሜ የገፋች ሸንቃጣ ሴት ናት፤ ልጆቹ «ሰንሴ» ይሏታል፣ መምህር እንደማለት ነው። ድምጿን አንዴም ሳታነሳ ሃያ ልጅ ስታዝ ሳይ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። መጀመሪያ የምታስተምራቸው መውደቅን ነው። ብሌን በነጭ ልብሷ ተንከባላ ብድግ ትላለች። አንድ ቀን በቁመት የሚበልጣትን ልጅ ስትጥለው «የመተማ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ፤ ግድም አልሰጠኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ወላጆች ምንጣፉ ላይ እንድንወጣ ተጠራን። ካልሲዬ ቀዳዳ ነበረው፤ ማፈር የጀመርኩት ከዚያ ነው። ኢንግሪድ «ልትመቱ እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብላችሁ እጃችሁን ከልጃችሁ ራስ በላይ አንሱ፤ የተማሩትን ያሳዩዋችኋል» አለችን። አንድ ወፍራም አባት በልጁ ተጠልፎ ዘጭ ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቀጥሎ የእኛ ተራ ሆነ።

እጄን አነሳሁ። ብሌን ዞር አላለችም፣ እጄንም አልያዘችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን በሁለት ክንዷ ሸፍና ቁጢጥ አለች።

«አልደግምም አባዬ» አለች በአማርኛ።

አዳራሹ ውስጥ ከእኛ በቀር አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገሩ ግን ሁሉም ገባው። እጄ እላይ እንደተሰቀለ ቀረ፤ ማውረዱ ጠፋኝ። ያን ሐሙስ ወተት ስላፈሰሰች በጥፊ ብያት ነበር። ከዚያ በፊት ስንቴ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ኬላው ላይ መዳፉን ያሳየኝ ፖሊስም ትዝ አለኝ፤ በልጅነቱ ስንት ጠዋት እየፈራኝ ክፍል እንደገባ አልጠየቅሁትም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ኢንግሪድ ልጄን አቅፋ አስነሳቻትና ልምምዱ ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ቤት ውስጥ ትመታታለህ?»

«ደክሟት ነው፤ ምሳ አልበላችም» አልኩ።

«የራበው ልጅ ራሱን አይሸፍንም» አለች ድምጿን ሳታነሳ። «ሰኞ ለትምህርት ቤቷ እደውላለሁ። አንተ ቀድመህ ደውለህ ራስህ ብትናገር ግን ደስ ይለኛል።»

እዚህ ያለን ስደተኞች ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው «ሶሻል ልጅ ይነጥቃል» እየተባባልን ነው የምንኖረው። እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ። ከዚያ የባሰው ፍርሃቴ ግን ቢወስዷትና እፎይ ብትልስ የሚለው ነበር።

እሑድ ሸሕዲ ያለችው እናቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ቀበቶውን ሲፈታ መሐል ትገባልን የነበረችው እሷ ናትና ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ልነግራት ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ «ልጅቱን አገናኘኝ እስቲ» አለችኝ። ስልኩን ላውድ ላይ አደረግሁት።

«የኔ አበባ፣ አባትሽ እንዴት ነው? ይመታሻል እንዴ? ንገሪኝ፣ እኔ እቀጣልሻለሁ!» አለቻት እናቴ እየሳቀች።

ብሌን ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን አይደለም ያየችው፤ እጄን ነው።

«አይመታኝም» አለች።

«እሰይ! እሰይ ልጄ!» አለችኝ እናቴ፤ ድምጿ ተሰበረ። «አባትህን እንዳትመስል ስንት ዘመን ተሳልኩ። ተመስገን በል እንጅ!»

«ተመስገን» አልኩ።