አያቴ የማያወልቁት በርኖስ

የአያቴ ተዝካር ትናንት ወጣ። ደግነታቸውን ሌላው ይጻፍ፤ እኔ የምጽፈው ንቀታቸውን ነው፤ አቤት፣ ንቀት ሲያምርባቸው!

ከስሜን ደጋ ወርደው አዘዞ እኛ ዘንድ ከገቡ በኋላም፣ ያን ከባድ የሱፍ በርኖስ በቀትር ፀሐይ እንኳ አያወልቁም ነበር። የሚኒባስ ረዳቶች «አያ፣ ምነው በዚህ ሙቀት?» እያሉ ሲስቁባቸው፣ «ውርጩ ፈሪ ነው፣ አገሩን ጥሎ ሸሸ። እኔም ልሽሽ?» ይሏቸው ነበር። በልጅነታቸው ጠዋት ጠዋት ገንዳው ላይ የጋገረውን በረዶ በዱላ ሰብረው ነበር ከብት የሚያጠጡት። አሁን በዚያው ቀዬ ትንኝ ይነክሳል ሲሏቸው ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ።

አንድ ቀን በስልኬ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ከምድር ጫፍ ያለ፣ ተራራ የሚያህል በረዶ በሙቀቱ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። መርከብ ላይ የቆሙት ጎብኚዎች እየጮኹ አጨበጨቡ። አያቴ በረዶውን ትተው ሰዎቹን አዩ።

«ቤት ሲፈርስ የሚያጨበጭብ ምን ዓይነት ከንቱ ነው? ዝጊው!»

ዛሬ ጠዋት አጎቴ በርኖሱን ከበሩ ኋላ ከተሰቀለበት ሚስማር አወረደው።

«አየሩ እንደሁ ሸጋ ሆኗል፤ ማን ይለብሰዋል? ለጋሪዬ ፈረስ የጀርባ መደላድል ይሁን» አለ ደስ ብሎት።

«ጋሼ፣ አንተም አጨበጨብህ?» አልኩት።

አልገባውም። ከእጁ ነጥቄ ደረብኩት፤ እስከ እግሬ ዋጠኝ። ይህን ስጽፍ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ከበሩ ኋላ ያለው ሚስማር ባዶ ነው።

አላወልቅም።