የሐረገ ወይን አተር

ወዳጄ ካሣሁን ወገዳ ላይ የትምህርት ቤት ዲሬክተር በነበረበት ዘመን አብሬው አስተምር ነበር። ሲስቅ የሚያስቀና፣ ሲናደድ ጠመኔ የሚሰብር ሰው ነበር። ያንን ሳቁን ያጠፋችው አንዲት አተር ናት።

በ1964 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከበላይ ትእዛዝ ወረደ። በጀት የሚመደበው በትንበያ ስለሆነ፣ በመጪዎቹ ዓመታት በየክፍሉ ስንት ተማሪ እንደሚኖር ገምታችሁ ላኩ ተባልን። ስድስተኛን የሚጨርሱ በቂ ልጆች ካልታዩ ሰባተኛ ክፍል አይከፈትልንም። ካሣሁን ደግሞ ሰባተኛን የሚመኘው ከሁሉ በላይ ለሐረገ ወይን ነው። ከአምስተኛ ክፍል ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፤ እንደሷ ያለ ጭንቅላት እስከ ዛሬ አላስተማርኩም።

ካሣሁን ገበጣ አመጣ። ጉድጓዱ ክፍል፣ ባቄላው ወንድ ልጅ፣ አተሩ ሴት ልጅ ሆነ። አንድ ዙር አንድ ዓመት ነው፤ ያለፉትን ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ያሻግራል፣ የወደቁትን እዚያው ይተዋል፣ የሚያቋርጡትን ባለፉት ዓመታት ልክ አንስቶ ያወጣል። ሴት ልጅ ስድስተኛ ደርሳ ስለማታውቅ የአምስተኛዋ አተር በየዙሩ ትነሳለች። "አንድ ሁለት እፍኝ ጨምርና ላከው፣ ማን ያየሃል?" አልኩት። "አልዋሽም!" ብሎ ጮኸብኝ። ግትር!

አንድ የገበያ ቀን የሐረገ ወይን አባት አያ አዱኛ ሊጠይቁን ጎራ አሉ። ለልጃቸው የመጣ ሽማግሌ ደጋግመው የመለሱ ገበሬ ናቸው። ካሣሁን አተሯን ሲያነሳ አዩ።

"ይኸ ምንድን ነው፣ መምህር?"

"ከትምህርት የሚቀሩት ሴቶች ናቸው። ይዳራሉ።"

"ማን አለ?"

"ሒሳቡ ነዋ። ለመንግሥት የሚላክ ነው።"

"ከአምስተኛ ክፍል ያለችው ሴት የእኔዪቱ ብቻ አይደለችም እንዴ?"

ካሣሁን መዳፉን አየ። "ግምት እኮ ነው፣ አያ አዱኛ" አላቸው። እሳቸው ግን እጅ ነስተው ወጡ።

ጥር ላይ ሐረገ ወይን ከክፍል ጠፋች። እየሮጥን ቤታቸው ስንደርስ የሰርግ ዳስ ተጥሏል።

"ምን አደረጉ፣ አያ አዱኛ!" አለ ካሣሁን።

"ምን ላድርግ ታዲያ? መንግሥት ትቀራለች ብሎ ከቆረጠ፣ እኔ ሽማግሌ ስመልስ ቆሞ ቀር ትሁንብኝ?"

"መንግሥት አይደለም! እኔ ነኝ! አተር ነው፣ አያ አዱኛ፣ አተር!" ካሣሁን እግራቸው ላይ ወደቀ። እግዚኦ፣ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰ!

"ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ መምህር" አሉ አያ አዱኛ፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር። ሐረገ ወይን ከጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

ሰባተኛ ክፍል አልተከፈተም። ሰኔ ላይ ከአውራጃው የመጣው ተቆጣጣሪ የወገዳ የመጀመሪያው ዓመት ግምት ከሁሉም ትምህርት ቤቶች ይልቅ ልክ ሆኖ መገኘቱን ተናግሮ የካሣሁንን እጅ ጨበጠ።

"እንዴት ልክ አይሆን" አለ ካሣሁን። "እኔው በእጄ አውጥቻት።"