በር ላይ ያበበው ቡና

አባቴ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያበዛም። «ዘነበ» ይለኛል፣ እሺታዬን ሰምቶ ይዘጋዋል። የበጋውን ድርቀት የሚሰብረው የመጀመሪያው ዝናብ እሱ ባለበት መቱ ላይ ወረደ ማለቱ ነው። እኔም በሳምንቱ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ከሁሩሙ ወደ እሱ እሄዳለሁ፤ ቡና ዝናቡን ከጠጣ በኋላ ሳምንት ያህል ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይልና አንድ ቀን ጠዋት ቅርንጫፉ ሁሉ በአንድ ላይ ነጭ ሆኖ ይገኛላ። ሁለት ሦስት ቀን ግቢውን ያውደዋል፣ ከዚያ ይረግፋል። ባሌ በየዓመቱ «አበባ ልታሸት ሄደች» ብሎ ለጎረቤት ያወራብኛል። ያውራ።

መዓዛ ነገር ያሳብደኛል። ልጅ ሳለሁ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው አጠገባችን ሱቅ የከፈቱትን እትዬን አማርሬያቸዋለሁ፤ የመደርደሪያውን ሳሙና አንድ በአንድ አሽትቼ ምንም ሳልገዛ ውልቅ እል ነበር። አድጌ አስተማሪ ስሆን ደግሞ በበራችን ግራና ቀኝ ክረምት ከበጋ የሚለመልም፣ የሚያብብ፣ የሚያውድ ቁጥቋጦ ካልተከልኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። መጀመሪያ የተከልኩት አዝመሪኖ ነበር፣ ያው የጥብስ ቅጠል የምንለው። የመቱ ዝናብ ሥሩን አበሰበሰው። ጽጌረዳ ተከልኩ፤ የጎረቤት ፍየል ከነእሾሁ ቀረጣጥፋ በላችው። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያይ ነበር። «ፍየሏም እንደ አንቺ መዓዛ ትወዳለች ማለት ነው» አለኝ።

አንድ ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሶር ፏፏቴ ወረድኩ። ጫካው መሀል ስንደርስ የሆነ ነገር አፍንጫዬን ያዘኝና ቆምኩ። ልጆቹም ቆሙ። ቀና ብል ዙሪያዬን ያለው ቡና ሁሉ አብቧል። ቡና እኛም ጓሮ ነበረ፣ ግን የጓሮን ነገር ማን ልብ ብሎ ያሸታል፤ እኛ አገር ቡና የሚታየው ቀይ ፍሬ ሲሆን ነው። እኔ ግን እዚያው ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ጎትቼ ፊቴን ቀበርኩበትና ሳቄ መጣ። ተማሪዎቼ አስተማሪያቸው ያበደች መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ስንመለስ ከአንድ ገበሬ ቡና ሥር በራሳቸው የበቀሉ ችግኞች ለምኜ በላስቲክ ይዤ መጣሁ።

በበሩ ግራና ቀኝ ስተክላቸው ሰፈሩ ተደነቀ። ቡና የጓሮ ነው፣ ጥላ ይፈልጋል፣ መንገድ ዳር አይሆንም፤ ያልተባልኩት የለም። አባቴ ደግሞ «ለሽታ ነው የተከልኩት» ስለው ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ የሰማው ነገር ሊገባው አልቻለም። ቡናው ግን ማንንም ሳይሰማ አደገ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ በጋውን ሁሉ አረንጓዴ የሆነ አጥር ወጣው። ያን ጊዜ እኔ ልቤ አበጠና በመቀስ ዙሪያውን እየከረከምኩ ድብልብል አደረግሁት። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ አበባ የለም። ለካ አበባው የሚወጣው እኔ እየቆረጥኩ በምጥለው ቅርንጫፍ ላይ ኖሯል። እትዬ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው «ፀጉር ቤት ወስደሽው እንዴት ያብብ?» ብለው ሳቁብኝ። መቀሱን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

በዚህ መሀል ፍቅር ያዘኝ። የያዘኝም በአፍንጫዬ በኩል ነው። የአስተማሪዎች ሥልጠና ላይ ከጎኔ የተቀመጠው የሁሩሙ ልጅ ጃኬቱ ማር ማር ይላል። ቤተሰቡ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ንብ አርቢ ነው። ከሥልጠናው ምን እንደተማርኩ ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ። እናቴ የሞተችው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ሳልጨርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የእኔና የአባቴ ብቻ ነው። አባቴ ኖፓ ገጠር ተወልዶ ያደገ፣ ከዚያ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ፣ ጡረታ ሲወጣ በረንዳ ላይ የቀረ ሰው ነው። እንግዳ አይጠራም፣ ሰው ቤትም አይሄድም። እኔ ካገባሁ ያ ሰው ምሳውን ከማን ጋር ይበላል? ይህን እያሰብኩ አለቅሳለሁ፤ ልጁ ሲደውል ደግሞ እንባዬን ሳልጠርግ እስቃለሁ።

ልጁ የላካቸው ሽማግሌዎች መጀመሪያ የመጡ ጊዜ አባቴ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ሸኛቸው። የሚያማክረው ዘመድ እንደሌለው እኔም እሱም እናውቃለን። ለሁለተኛ ጊዜ ለእሑድ ቀጠራቸው። ከዚያ እሑድ ሳምንት ቀደም ብሎ ዘነበ፤ እኔም መቀስ አላነሳሁም ነበር። እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት ግራና ቀኙ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ነጠላዬን ጥዬ አንዴ ወደ ግራው አንዴ ወደ ቀኙ እየሮጥኩ ሳሸት እትዬ አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬ እምቢ ሊባል አይችልም፣ በዚህ መዓዛ መሀል አልፎ የሚመጣ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል፤ እንዲህ ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ።

ተባለ። ሽማግሌዎቹን የመሩት የልጁ አጎት ነበሩ፣ ድምፃቸው ሳሎኑን የሚሞላ ግዙፍ ሰውዬ። እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ፣ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። እኔ ጓዳ በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌያለሁ።

«ልጄን ለሩቅ አገር አልሰጥም» አለ አባቴ።

«ሩቅ የሚሉት ሁሩሙን ነው?» አሉ አጎትየው።

«ለእኔ ሩቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። እኔ ጓዳው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ይኸኔ ነው ከውጭ ያ ድምፅ የተሰማኝ፤ ሲበዛ ሲበዛ ግቢውን የሞላ እምምታ። በመስኮት ሳይ የንብ መንጋ እንደ ጥቁር ደመና ተጠቅልሎ መጣና በበሩ በቀኝ በኩል ያለው ቡናዬ ላይ ዘርፈፍ ብሎ ሰፈረ። ግቢያችን ሌላ በር የለውም።

አጎትየው እጃቸውን ዘርግተው የኋለኞቹን አገቱ። «ካኒሳ» አሉ በኦሮምኛ፣ ንብ ማለታቸው ነው። «ማንም እንዳይነቃነቅ። አሁን በዚህ በር ያለፈ ሰው ፊቱ ፊት ሆኖ አይመለስም።»

«እስከ መቼ ነው?» አለ አባቴ ከበረንዳው።

«አመሻሽ ላይ ሲረጋ ቅርጫት ውስጥ አስገባዋለሁ። እስከዚያ እንግዲህ እስረኞችዎ ነን።»

አባቴ ንቡን አየው፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ እንደገና ንቡን አየው። «ታኣ» አላቸው፣ ተቀመጡ ሲል። «ግቡ እንግዲህ።»

እኔ ከጓዳ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። ሽሮ ጣድኩ፣ እንቁላል ጠበስኩ፣ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። እትዬ በአጥሩ ላይ ዳቦና ለስላሳ እያቀበሉኝ ጮክ ብለው «ሰዎቹ ለምን በዚህ በኩል አይወጡም?» አሉ። አጎትየው ከሳሎን ሰሟቸው። «ሽማግሌ አጥር ይዘላል እንዴ?» አሉ በዚያ ድምፃቸው፣ ሁሉም ሳቀ። ከሳቁት መሀል አንዱ አባቴ ነበር። እጄ ላይ የያዝኩትን ሳህን ልጥል ምንም አልቀረኝም። ከምሳ በኋላ ስለ ጎሬ መንገድ ጭቃ፣ ስለተገለበጠ መኪና፣ ስለ ማር ዓይነት ወሬው ተያያዘ፤ አባቴ በአማርኛ ይጀምረውና በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። በዓመት የሚናገረውን ያን ቀን ከሰዓት ተናገረው።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ አጎትየው የልብስ ቅርጫቴን ወስደው ቅርንጫፉን ነቅነቅ አደረጉና መንጋውን በባዶ እጃቸው አስገቡት። አንድም ንብ ማንንም አልነደፈም። ሊሄዱ ሲነሱ አባቴ በሩ ድረስ ሸኛቸው፣ ትከሻው ላይ የቡና አበባ ረግፎበታል።

«ያ ጠዋት ያልኩት ይቅር» አለ። «ቀን ቁረጡ።»

እኔ ሮጬ ጓዳ ገባሁና ትራስ አፌ ላይ ይዤ እልል አልኩ።

በዓመቱ ቡናው ሲያብብ ሁላችንም አባቴ ቤት ተሰበሰብን። አጎትየው ጠጅ ቢጤ ቀምሰው ነበርና ምስጢር አላስቀመጡም። «አንድ ነገር ልናዘዝ» አሉ አባቴን። «ቤት ፍለጋ የወጣ የንብ መንጋ አይናደፍም። ሆዱን ማር ሞልቶ ነው የሚወጣው። የዚያን ዕለት በሩ አጠገብ ብንሄድ አንዳችም አይነካን ነበር፤ ምላስዎ እስኪለሳለስ ብዬ ነው ሁላችንንም ያሰርኩት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

«ኖፓ በቀፎ ሥር ያደገ ሰው ይህን የማያውቅ መስሎዎት ነው?» አላቸው።

አጎትየው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

አባቴ ሳሎኑን ዞር ብሎ አየ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህ ሳሎን ሰው ሞልቶ ምሳ ተበልቶበት አያውቅም ነበር። አፌ አንዴ እምቢ ብሏችኋል፣ ግን እንድትሄዱብኝ አልፈለግሁም።»

ስለዚህ ደውሎ «ዘነበ» ሲለኝ «እሺ አባዬ፣ መጣሁ» እላለሁ። ሁሩሙ ከመቱ በሚኒባስ አፍታ ነው፤ እሱ ጋ የሚዘንበው ዝናብ እኔም ቆርቆሮ ላይ ያንኑ ሰዓት ይጮሃል፣ አንዳንዴ ስልኩን የማነሳው ከውጭ ልብስ እየሰበሰብኩ፣ ራሴ ርሶ ነው። ይህን ነግሬው አላውቅም። እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል።