ቅጂውን ሳይተው የማይወጣ ደብዳቤ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት በሰው ኃይል ክፍል ያሉት ብቻ ናቸው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ «ቅጂ» ነው የሚለው። የኮምፒውተሮቻችን ባለሙያ ነው። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስሆን፣ መስኮት የሌላትን የጀርባ ክፍል ለሁለት እንጋራለን። ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሲጥል አላየሁትም። የቤቱ ቁልፍ እንኳን ሦስት ቅጂ አለው፤ አንዱ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሥራ ላይ የነካካውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል፣ ቤቱ ሲገባ ደግሞ በሌላ ደብተር ይገለብጠዋል። ይህ አመል የያዘው በወጣትነቱ ነው። የላከው ደብዳቤ አልደረሰም ተብሎ፣ መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ በማጣቱ ከሥራ ታግዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያምነው ወረቀት ብቻ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዋና ሐኪሟ ራሳቸው ክፍላችን ድረስ መጡ። የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ የአራት ዓመት ልጅ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ትልቁ ሆስፒታል ለቀዶ ጥገናው አልጋ ይዞላታል፤ ግን የሐኪሟ ደብዳቤ እስከ ስድስት ሰዓት በኢሜይል ካልደረሰው አልጋው ለሌላ ታማሚ ያልፋል። ሐኪሟ ትናንት ከሰዓት በኋላ ልከውታል፣ እነዚያ ግን ምንም አልደረሰንም ይላሉ። ሐኪሟ በስልክ ለመኗቸው። ከግል አድራሻዬ ልላክላችሁ አሏቸው። እነዚያ ግን በሐሰተኛ ደብዳቤ ስለተታለልን ከሆስፒታላችሁ አድራሻ ውጭ አንቀበልም ብለው እንቅጩን ነገሯቸው።

ቅጂ መነጽሩን አስተካክሎ የኢሜይል ሰርቨሩን ከፈተ። ከትናንት እኩለ ቀን ወዲህ ከግቢያችን የወጣ አንድም መልእክት የለም። የሚገባው እንደ ልቡ ይገባል፤ የሚወጣው ግን አራት መቶ ሃያ ሆኖ ተሰልፎ ቆሟል።

መጀመሪያ ጥፋቱን ውጭ ፈለገ፤ ማን በራሱ ይጀምራል? የኢንተርኔት ድርጅቱን ደውሎ ጠየቀ፣ መስመሩ ደህና ነው አሉት። አድራሻችን በአጭበርባሪነት ተመዝግቦ ታግዶ እንደሆነ አጣራ፣ ንጹሕ ነው። ሰርቨሩን አጥፍቶ አበራው፤ ሰልፉ በሰባት ጨመረ። አራት ሰዓት ሆነ፣ ከዚያ አምስት። ኮሪደሩ ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ክንዷ ላይ ያለው ዱቄት እንኳን አልተራገፈም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። አንጀቴን በላችኝ፤ እሱማ ላብ አጥምቆታል።

ሰርቨሩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ማሽን መልስ አልሰጠኝም፣ ቆይቼ እሞክራለሁ። የማሽኑ ቁጥር የእኛው ግቢ ነው፣ ማን እንደሆነ ግን ለቅጂ ትዝ አላለውም። ደብተሮቹን ሊያገላብጥ ቢል፣ የድሮዎቹ ባለፈው ዓመት ቧንቧ ፈንድቶ ተጣብቀው ቀርተዋል። ስለዚህ ቤት ላለው ግልባጭ ሚስቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ነገራት። እነዚያን ደብተሮች ካልጣልኩ ስትለው የኖረች ሴት ናት፤ ቁም ሳጥኑን እያንኳኳች ስትራገም ሰማን። ከዚያ ገጽ መግለጥ ጀመረች።

«ይኸው አገኘሁት» አለች። «የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ‹የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ ለዕቃ ክፍሉ ኮምፒውተር ቅጂውን ይሰጣል። ቅጂውን ሳይተው የሚወጣ ደብዳቤ የለም።› ሁለቴ አስምረህበታል አንተ ሰውዬ።»

ክው አለ። ዘጠኝ ዓመት ሳያስቸግረው ስለሠራ ጭራሽ ረስቶት ነበር።

እኔ ወደ ዕቃ ክፍል ሮጥኩ። ትናንት አሮጌ አልጋዎች ሲያስገቡ ያቺን ኮምፒውተር ከግድግዳው ነቅለው ፍራሽ ጭነውባታል። አውጥቼ ሰካኋት፣ ቁልፏን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ትንፍሽ አላለችም። ተመልሼ ስነግረው አምስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

የቀረው ያንን ትእዛዝ ማጥፋት ነው። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ፈዞ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ቅጂ አይኖረውም እኮ» አለኝ።

እኔ ትዕግሥት ብዙ የለኝም። ልጅቷም ቅጂ የላትም አልኩት። አላየኝም፤ ትእዛዙን አጠፋው፣ የሐኪሟን ደብዳቤ ከሰልፉ መሀል አውጥቶ ፊት አስቀደመው። ደብዳቤው ሄደ። ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው መልሱ ገባ፤ ደብዳቤው ደርሷል፣ አልጋው ተጠብቋል፣ ልጅቷን ሰኞ ጠዋት አምጧት ይላል።

መልሱን አትሞ ራሱ ለእናትየዋ ይዞላት ወጣ። ወረቀቱን ሰጥቷት ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እህቴ» አላት። «ማሽኑን እንዲያ እንዲያደርግ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ትጮህበታለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህም አልፈርድባትም ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ አወጣችውና ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ሌላ አንድ ይጨምሩልኝ» አለችው። «ይሄ ቢጠፋብኝ ማን ያምነኛል?»

ተመልሶ ገብቶ ሦስት አተመ። ሁለቱን ሰጣት። ሦስተኛውን፣ ያላየሁት መስሎት፣ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ አስገባው።